«ተራ»፣ «መካከለኛ»፣ «ምርጥ»፤ የአደን ጠመንጃ የደረጃ ቃላት ታሪክና የትርጉም ችግራቸው

ከዓመታት በፊት የአደን ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ የጠመንጃ ዋጋ ዝርዝር ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ጠይቆኝ ነበር። ሥራው ቀላል መስሎኝ በሁለት ምሽት ጨረስሁት። እንግሊዝኛው «ቤስት» ያለውን «ምርጥ»፣ «ፕሌን» ያለውን «ተራ»፣ በሁለቱ መካከል የተቀመጠውን ደግሞ «መካከለኛ» አልሁት። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ያን ዝርዝር አንብቦ ጠመንጃ የገዛ አንድ የአደን መሪ ቤቴ ድረስ መጣ። ሰውዬው ጎሽ በሚታደንበት አገር እንግዶችን እየመራ የሚተዳደር ነው። «ተራ» የሚለውን ቃል ባየ ጊዜ ሕይወቱን በተራ ብረት ላይ ለመጣል ፈርቶ፣ ከዐቅሙ በላይ ተበድሮ «ምርጡን» ገዝቷል። ኋላ ግን ባልንጀራው የገዛውን «ተራ» ጠመንጃ ከራሱ ጋር ጎን ለጎን ፈትቶ ቢመለከት የብረቱ ሥራ አንድ ሆኖ አገኘው። «ዶክተር፣ ተራ ያሉት ምኑ ነው ተራ? እንጨቱ ነው ወይስ ብረቱ?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ዓላማው ስለ ጠመንጃ ለማስተማር ሳይሆን፣ የአደን ጠመንጃ ደረጃ በልዩ ልዩ ቋንቋዎችና ዘመናት እንዴት ሲሰየም እንደ ኖረ መርምሮ፣ ዋጋው መካከለኛ በሆነውና ዋጋው ከፍተኛ በሆነው መካከል ያለው ልዩነት በአማርኛ እንዴት ቢገለጥ አንባቢውን እንደማያሳስት ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

1. ስሙ ስለ ዕቃው ምን ይነግረናል?

አማርኛ ለዚህ መሣሪያ ሁለት ዐበይት ስሞች አሉት፤ ነፍጥና ጠመንጃ። ነፍጥ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ቃሉ በመጀመሪያ ከምድር የሚወጣውን ተቀጣጣይ ዘይት ያመለክት ነበር፤ ኋላ በግብፅ በመምሉኮች ዘመን ወደ ባሩድና በባሩድ ወደሚሠራው መሣሪያ ተዛወረ። ጠመንጃ ደግሞ ከቱርክኛው «ታባንጃ» በዐረብኛ በኩል የደረሰን ነው። ታባንጃ በቱርክኛ ዛሬም ሽጉጥ ማለት ነው። የትንሹ መሣሪያ ስም በእኛ ዘንድ ለረጅሙ ሆነ ማለት ነው። መድፍና ባሩድም በዚያው በዐረብኛ መንገድ ገብተዋል።

የኤውሮፓ ቋንቋዎች ግን በአንድ ነገር ከእኛ ይለያሉ። እንግሊዝኛው «ራይፍል» የሚለው ስም ቦይ መቅደድ ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ በአፈሙዙ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄደውን፣ ጥይቱን አሽከርክሮ የሚያወጣውን ቦይ ያመለክታል። ጀርመንኛው ቦይ ያለውን «ቡክሰ»፣ ውስጡ ልሙጥ የሆነውን «ፍሊንተ» ብሎ ይለያል። ፈረንሳይኛም ለአደን «ካራቢን» እና «ፉዚ» የሚሉትን ቃላት በየፊናቸው ይጠቀምባቸዋል፤ «ፉዚ» በጥንተ ትርጉሙ እሳት የሚጫርበት ብረት ነበር። በእነዚህ ቋንቋዎች ስሙ ራሱ ስለ ዕቃው ውስጥ አንድ ነገር ይናገራል። የእኛ ጠመንጃ ግን ልሙጡንም ቦያማውንም፣ የድሮውንም የአሁኑንም በአንድነት ይጠራል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው አንዱን ጠመንጃ ከሌላው ለመለየት በፈለገ ጊዜ ሌላ ብልሃት መፈለግ ግድ ሆነበት፤ ብልሃቱም የሠሪውን ስም መውሰድ ሆነ።

2. የሠሪ ስም የደረጃ ስም ሲሆን

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወደ አገራችን የገቡት ጠመንጃዎች ስም የሠሪዎቻቸው መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስናድር ከ«ስናይደር»፣ ውጅግራ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ»፣ ለበን ከ«ለቤል»፣ ምንሽር ከ«ማንሊኸር» የመጡ ናቸው። የድምፁ ለውጥም የራሱ ሥርዐት አለው። በ«ፉዚ ግራ» ውስጥ የ«ዚ» ድምፅ በአናባቢው ስበት ወደ «ጅ» ላልቷል፤ የመጀመሪያው «ፉ» ወደ «ው» ተለውጧል። በ«ለቤል» ሁለት ጊዜ የመጣው «ል» እንዳይደጋገም ሁለተኛው «ን» ሆኗል። በ«ማንሊኸር» ያለው የጀርመንኛ ለስላሳ ድምፅ በእኛ ጆሮ «ሽ» ሆኖ ተሰምቷል። ይህን የለወጠው ምሁር አይደለም፤ ገበያውና ሰፈሩ ነው።

ነገር ግን እነዚህ ስሞች የሠሪ ስም ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ የደረጃ መለኪያም ሆኑ። ስናድርን እንመልከት። እንግሊዞች በ1866 የተቀበሉት ይህ ጠመንጃ በመሠረቱ አዲስ ሥራ አልነበረም፤ በአፈሙዙ በኩል ይጎርስ የነበረውን አሮጌውን ኤንፊልድ ከኋላ እንዲጎርስ አድርጎ የሚለውጥ ብልሃት ነበር። የተመረጠበትም ምክንያት አዲስ ከማሠራት አሮጌውን ማደስ ስለሚረክስ ነው። በአገሩ የቁጠባ ሥራ የነበረው ይህ መሣሪያ በ1868 በመቅደላ ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ ሲተኮስ፣ በአፈሙዙ በኩል ከሚጎርሰው ጋር ሲነጻጸር አስፈሪ ነበረ። እንግዲህ «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» የሚባለው ደረጃ በዕቃው ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃው ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ይወሰናል።

የውጅግራ ታሪክ ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። የ1874 ሥሪት የሆነው ግራ ባለ አንድ ጥይት፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ የለሽ ባሩድ የሚተኩሰውን ለቤልን ስትቀበል ግራ ከጦሩ እየወጣ ለውጭ ገበያ ቀረበ፤ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩልም ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ገባ። ለአዳኙ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ጥቁር ባሩድ የተኮሰ ሰው ጭሱ እስኪገፈፍ የመታውን አውሬ አያየውም፤ ባለ አንዱም ጥይት ጠመንጃ እንደ ገና እስኪጎርስ ድረስ ባዶ ብረት ነው። ለበንና ምንሽር ይህን ሁለቱን ችግር አቃለሉ። «ባለ አምስት ጎራሽ» የሚለው አጠራር የተወደደውም በዚሁ ነው፤ እርሱ የሠሪ ስም ሳይሆን የዕቃውን ተግባር የሚናገር፣ በራሳችን ግሥ የተሠራ ስም ስለሆነ ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ልዩ ዋጋ አለው።

ስለ ዋጋ ከተነሣ አንድ የታወቀ ምስክር አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1885 ለቤተ ሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ወደ ሸዋ ሊወስዳቸው ያሰባቸውን ጠመንጃዎች ይገልጻል። ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ሆነው፣ በሊየዥ ወይም በፈረንሳይ አገር በአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ ለንጉሥ ምኒልክ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። በ1887 ሸዋ የደረሰው ቅፍለቱ የያዘው ይህንኑ ነበር። ዋጋው አምስት እጥፍ ያደገው ብረቱ ስለተሻሻለ ሳይሆን በረሓው፣ ግመሉ፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ስለ ተጨመረበት ነው። «ዋጋ» የሚለው ቃላችን የገበያውንም ተመን የድካምንም ብድራት መያዙ በአጋጣሚ አይመስልም። ስለዚህ «ዋጋው ከፍተኛ ነው» ከማለት «ጠመንጃው ከፍተኛ ነው» ወደ ማለት የሚሻገር ተርጓሚ ድልድይ በሌለበት ወንዝ ላይ ይራመዳል።

የሠሪ ስም ለደረጃ ማገልገሉ ሌላም ጉድለት አለው፤ ስሙ ይጸናል፣ ደረጃው ግን ይወርዳል። በአንድ ትውልድ የጀግና መመኪያ የነበረው ውጅግራ በሚቀጥለው ትውልድ የአሮጌ ጠመንጃ ስም ሆነ። ፋሺስት ኢጣልያ በ1935 በወረረችን ጊዜ ውጅግራ የያዘው አርበኛ ጠመንጃው ጊዜ ያለፈበት መሆኑን ያውቅ ነበር። ስያሜው ግን ከአባቱ እንደ ወረሰው ነበረ።

3. የለንደን «ቤስት»

አሁን ወደ እንግሊዝኛው የደረጃ ቃላት እንለፍ፤ የእኔ ስሕተት የተወለደው ከዚያ ነውና። በእንግሊዝ የጠመንጃ ሠሪዎች ዘንድ «ቤስት» ማበላለጫ ቅጽል አይደለም፤ የሥራ ደረጃ መጠሪያ ስም ነው። አንድ ቤት ያለ አንዳች ቁጠባ በእጅ አስተካክሎ የሚያወጣውን ከፍተኛ ሥራውን ይጠራበታል። በአንጻሩ «ፕሌን» ማለት ጌጥ ያልበዛበት፣ እንጨቱ መስመር ያልተመረጠለት ማለት ነው እንጂ ብረቱ ደካማ ነው ማለት አይደለም።

ይህ ልዩነት በጥንድ አፈሙዝ የአደን ጠመንጃዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። በከፍተኛው ሥራ የመተኮሻው ብልሃት በግራና በቀኝ ጎን በሚገጠሙ ሁለት ሳሕኖች ላይ ይሰካል፤ ሳሕኖቹም ለቅርጽ ሥራ ሰፊ ገጽ ይሰጣሉ። በ1875 ግን በበርሚንግሃሙ በዌስትሊ ሪቻርድስ ቤት ይሠሩ የነበሩት አንሰንና ዲሊ ብልሃቱን በጠመንጃው አካል ውስጥ የሚከት ሌላ አሠራር አስመዘገቡ። ክፍሎቹ ጥቂት፣ አሠራሩ ቀላል፣ ጥንካሬውም የተመሰከረለት በመሆኑ ዋጋው ረከሰ። በገበያው አነጋገር ይህ ሁለተኛ ደረጃ ሆነ፤ በዱር ግን ሁለተኛ ለመሆኑ ምስክር አልተገኘም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው የሪግቢ ታሪክ ነው። ይህ የለንደን ቤት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጀርመን አገር በኦበርንዶርፍ የሚሠራውን የማውዘርን ጠመንጃ በእንግሊዝ የመሸጥ ውክልና ይዞ፣ የማውዘርን ብረት በራሱ አፈሙዝና በራሱ እንጨት እያለበሰ የአደን ጠመንጃ አድርጎ ይሸጥ ነበር። በዘመኑ ባለ ጥንድ አፈሙዝ የባለ ጠጋ ምርጫ ሲሆን፣ የማውዘር ዓይነቱ ዋጋው ከእርሱ በጣም ያነሰ ምርጫ ነበር። ይሁን እንጂ የ1898ቱ የማውዘር ብልሃት ሁለት ታላላቅ በጎነቶች ነበሩት። አንደኛ፣ ቀለሁን በሰፊ ጥፍር ከካዝናው እንደ ተነሣ ይዞ እስኪያወጣው ድረስ አይለቀውም፤ ስለዚህ አዳኙ ጠመንጃውን አዘንብሎም ሆነ ተደናግጦ ቢያጎርስ ጥይቱ አይወድቅም፣ አይደራረብም። ሁለተኛ፣ ቀለሁ ቢፈነዳ ጋዙ ወደ ተኳሹ ዐይን እንዳይመጣ መውጫ ቀዳዳ ተበጅቶለታል።

ስኮትላንዳዊው አዳኝ ዋልተር ቤል ከ1,000 በላይ ዝሆኖች መግደሉን ሲናገር፣ አብዛኛውን የገደለው በሪግቢ በተሠራ 7 ሚሊ ሜትር ማውዘር መሆኑን ጽፏል። መጽሐፉ የታተመው በ1923 ሲሆን፣ በጊሎ ወንዝ በኩል ያደረገውን ጉዞም ይተርካል። ይህን ምሳሌ ያነሣሁት ለመከተል አይደለም። ቤል የአውሬውን አካል አወቃቀር ጠንቅቆ የሚያውቅ ተኳሽ ነበር፤ ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ የሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን .375 ነው፤ እርሱም በ1912 ከለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ቤት የወጣ ነው። ለእኛ ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ይኸውም የአዳኙን ሕይወት የሚጠብቀው ክፍል፣ ማለትም ጥፍሩና መዝጊያው፣ ዋጋው ባነሰው ጠመንጃ ውስጥ ተሟልቶ መገኘቱ ነው።

4. ዓመት የደረጃ ስም ሲሆን

በአሜሪካ አገር የደረጃ ቃል ከሠሪ ስም አልፎ የዓመት ቍጥር ሆኗል። ዊንቸስተር ሞዴል 70 የተባለው የአደን ጠመንጃ በ1936 ወጣ። የመዝጊያው ብልሃት የማውዘርን ሰፊ ጥፍር የተከተለ ነበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእጅ ሥራ ዋጋ እያደገ ሲሄድ ኩባንያው በ1964 አሠራሩን ለወጠ፤ ሰፊው ጥፍር ቀርቶ በርካሽ የሚሠራ ትንሽ መያዣ ተተካ፣ በእንጨቱ ላይ በእጅ ይቀረጽ የነበረው መጨበጫም በማተሚያ የተጫነ ጌጥ ሆነ። አዳኞች አዝነው አልቀሩም፤ ቃል ፈጠሩ። «ፕሪ ሲክስቲ ፎር»፣ ማለት «ከ64 በፊት» የሚለው አነጋገር በአሮጌ ጠመንጃ ገበያ የደረጃ ስም ሆኖ ዋጋን ከፍ አደረገ። ኩባንያው ራሱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰፊውን ጥፍር መልሶ አመጣ።

እዚህ ላይ ተርጓሚው ሁለት ወጥመድ አለበት። «ከ64 በፊት» ብሎ ቢተወው አማርኛ አንባቢ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊረዳው ይችላል፤ ስምንት ዓመት የሚያህል ስሕተት ነው። «ጥንታዊ» ብሎ ቢመልሰው ደግሞ የሙዚየም ዕቃ ይመስላል። ያም ሆነ ይህ የዓመቱ ቍጥር የብረቱንም የእንጨቱንም ለውጥ በአንድ ላይ ስለሚያጠቃልል፣ ገዢው የትኛውን ፈልጎ እንደሚከፍል አይገልጽም። ጥፍሩ ለሕይወት ነው፤ የተቀረጸው መጨበጫ ግን በይበልጥ ለዐይን ነው።

5. አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት ስም

የመካከለኛና የከፍተኛ ዋጋ ምርጫ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ሆኖ የሚታየው በፊንላንድ አገር ነው። ሳኮ የሚለው ስም የፊንላንድ ሲቪል ዘብ የመሣሪያና የማሽን ሥራ አክሲዮን ማኅበር ከሚል ረጅም ስም በመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው። ቲካ ደግሞ ቲካኮስኪ ከሚባል ቦታ ስም የተወሰደ ሲሆን፣ ቃሉ በፊንላንድኛ ግንደ ቆርቁር የምንላት ወፍ ስም ነው። ሁለቱ ቀድሞ ተወዳዳሪ ድርጅቶች ነበሩ፤ በ1983 ተዋሕደው ኋላ ሥራው በሪሂማኪ ከተማ ባለው በሳኮ ፋብሪካ ተጠቃለለ። ከዚያ ወዲህ ሳኮ የከፍተኛው ዋጋ፣ ቲካ የመካከለኛው ዋጋ ስም ሆነው ቀርተዋል።

በ2003 የወጣው ቲካ ቲ3 እና በ2006 የወጣው ሳኮ 85 ቢነጻጸሩ ልዩነቱ ክፍል በክፍል ሊነገር ይችላል። የቲካ መዝጊያ ሁለት መቆለፊያ ጥርሶች አሉት፤ የሳኮ ሦስት። ቲካ ለአጭሩም ለረጅሙም ጥይት አንድ ርዝመት ያለው አካል ይጠቀማል፤ ሳኮ ለየጥይቱ ልክ ልዩ ልዩ አካል ይሠራል። የቲካ ካዝና ፕላስቲክ ነው፤ የሳኮ ብረት። አፈሙዞቻቸው ግን በዚያው ፋብሪካ በቀዝቃዛ ቅጥቀጣ የሚሠሩ ናቸው፤ የቲካም ኢላማ መምታት የተመሰገነ ነው። እንግዲህ ገንዘቡ የሄደው የት ነው ቢባል፣ በብዛት ወደ አካሉ ልክ፣ ወደ ካዝናው፣ ወደ መዝጊያው ልስላሴና ወደ እንጨቱ ነው። ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በብርድና በዝናብ ለብዙ ዓመት ለሚያገለግል ሰው የብረት ካዝና ትርጉም አለው። ነገር ግን «መካከለኛ» የሚለውን ቃል ሰምቶ «ኢላማውን የሚመታው በመካከለኛ ሁኔታ ነው» ብሎ የሚያስብ ገዢ በቃል ተታሏል።

6. እንግዲህ ምን እንበል?

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚከተሉት ሐሳቦች ይወጣሉ፤ ለውይይት ያህል አቀርባቸዋለሁ።

ሀ) የዋጋ ቅጽል ከዋጋ አይለይ። እንግሊዝኛው «ሚድ ፕራይስድ» ሲል ዋጋ የሚለው ቃል በውስጡ አለ። እኛ ስናሳጥር «መካከለኛ ጠመንጃ» እንላለን፤ ያን ጊዜ ቅጽሉ ከዋጋው ላይ ተነሥቶ በዕቃው ላይ ይወድቃል። «ዋጋው መካከለኛ የሆነ ጠመንጃ» ማለት ይረዝማል፤ ግን እውነት ነው። «ሃይ ኤንድ» የሚለው ደግሞ የምን ጫፍ እንደሆነ አይናገርም፤ ስለዚህ እንደ አገባቡ «ዋጋው ከፍተኛ የሆነ» ወይም «ሥራው ልዩ የሆነ» ተብሎ ሊለይ ይገባዋል።

ለ) «ቤስት» የደረጃ ስም ሆኖ በመጣበት ስፍራ «የቤቱ ከፍተኛ ሥራ» ይባል። «ከሁሉ የተሻለ» ወይም «ምርጥ» ማለት ሻጩ ያልገባውን ተስፋ ተርጓሚው መግባት ይሆናል።

ሐ) «ፕሌን» «ያልተጌጠ» ይባል እንጂ «ተራ» አይባል። «ተራ» በአማርኛ ረድፍንና ወረፋን ከማመልከቱ በቀር፣ ቅጽል ሲሆን ዝቅ ማድረግን ይይዛል፤ «ተራ ሰው» ሲባል የምንሰማው ይህንኑ ነው። «ርካሽ» የሚለውም እንደዚሁ ከገበያ አልፎ ጠባይን የሚነቅፍ ቃል ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዝ።

መ) ጌጥ የሌለው ሆኖ በሥራው የማያሳፍረውን ዕቃ ለመጥራት «ሁነኛ» የሚል ያማረ ቃል አለን። ሁነኛ ሰው በጭንቅ ቀን የሚገኝ ሰው ነው፤ ሁነኛ ጠመንጃም እንዲሁ። ለመካከለኛው ዋጋ ደረጃ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም፤ ግን ለብረቱ ማስረጃ ሲኖር ብቻ የሚሰጥ ቃል መሆን አለበት።

ሠ) የዓመት ስያሜ ሲመጣ ሙሉው ዓመትና አቆጣጠሩ ይጻፍ፤ «እ.ኤ.አ. ከ1964 በፊት የተሠራ» ተብሎ፣ የተለወጠውም ክፍል በአጭሩ ይገለጽ።

ረ) ከሁሉም በላይ የደረጃ ቃል ብቻውን አይቁም። አፈሙዝ፣ መዝጊያ፣ ጥፍር፣ ቃታ፣ ካዝና፣ ሰደፍ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ልዩነቱ በየትኛው ክፍል እንደሆነ መናገር የሚቻል ሲሆን በጅምላ ቅጽል መሸፈን የመዝገበ ቃላትም የተርጓሚም ወግ አይደለም። አባቶቻችን «ባለ አምስት ጎራሽ» ሲሉ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ጠመንጃውን አላሞገሱትም፣ የሚሠራውን ተናገሩ።

የዋጋውን ዝርዝር በዚህ መሠረት እንደገና ጽፌ ለዚያ የአደን መሪ አንድ ቅጂ ላክሁለት። አንብቦ «አሁን ገባኝ፤ የከፈልሁት ለእንጨቱ ነው» አለኝ። ዕዳውን ግን ገና አልጨረሰም ነበር። በቃል ምርጫ የምንከራከር ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ክርክራችን ከወረቀት የማይወጣ ይመስለናል፤ እኔ በአንድ ቅጽል የሰው የሁለት ዓመት ገቢ ሲሄድ አይቻለሁ። የዚህ መጽሔት አንባብያን በየሙያው መስክ፣ በመኪናም ሆነ በመድኃኒት፣ በእርሻ መሣሪያም ሆነ በጨርቃ ጨርቅ፣ የደረጃ ቃላት እንዴት እንደ ተተረጐሙ ያጋጠማቸውን ቢጽፉልን፣ ለጠመንጃ የቀረበው ሐሳብ ለሌላውም ይሠራ እንደሆነ አብረን ልንመዝነው እንችላለን።